ኢኳላይዘሩና የባለቤቴ ጆሮ

ባለቤቴን «ደንቆሮ ነሽ» አላልኳትም። ሰው ይህን ነገር ሲያወራ ይጨምርበታል። እኔ ያልኩት «ጆሮሽን ጤና ጣቢያ አሳዪው» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እሷ ግን ልዩነት የለውም ትላለች። እስከ ዛሬም ትላለች።

በደርግ ጊዜ ጂንካ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረኝ። ሞተሩን ከጎፋ በኩል በጭነት መኪና አምጥቼ፣ መሠረቱን ራሴ ቆፍሬ፣ ድንጋዩን ራሴ ወቅሬ የተከልኩት ነው። መጽሐፍ አላየሁም፣ ማንም አላሳየኝም። ስለዚህ ዕቃ ስገጥም ሰው ሲመክረኝ አልወድም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ አማርኛውን እየጎተትኩ አነባለሁ። የፈረንጁን ፊደል ግን እኔም አላውቀው፣ እሱም አያውቀኝ።

ባለቤቴ የአሪ ልጅ ናት። አማርኛ የለመደችው እዚያው ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነው። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ ተጣልተን። እህሏ ገና ወፍጮው አፍ ውስጥ ሳይገባ «ድንጋይህ ደንዟል፣ ዱቄቴን ታሻክረዋለህ» አለችኝ። «በምን አወቅሽ?» ብላት «ድምፁ ይናገራል» አለች። ከፍቼ ባየው እውነትም ደንዟል። ከተጋባን በኋላ ድንጋዩ የሚወቀርበትን ቀን የምትነግረኝ እሷ ሆነች፤ ጓሮ ሆና፣ ልብስ እያጠበች፣ «ዛሬ አጮልቀህ እየው» ትለኛለች። እኔ ከሞተሩ ጎን ቆሜ የማልሰማውን እሷ ከጓሮ ትሰማዋለች። ይህን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ የሚመጣው ሁሉ ባልመጣ።

እሷ ጴንጤ ናት፤ እኔ የማርያም ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን የእነሱ ጸሎት ቤት ተዘግቶ ነበርና እሑድ እሑድ በአንዷ ዘማሪት ቤት ተሰብስበው ነው የሚዘምሩት፣ ያውም ዝግ ብለው። ጮክ ብሎ የሚዘምር ሰው ቢሳሳትም ጩኸቱ ይሸፍንለታል። ዝግ ብሎ ለሚዘምር ግን ጆሮ ያስፈልጋል። መዝሙሩን የምታነሣው ባለቤቴ ነበረች። እሷ ካነሣችው ሃያ ሴት አንድ ሰው ይመስላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይህን ያውቅ ነበር። ከበላይ ሲጠይቁት አላውቅም ይላል። መጥፎ ሰው አልነበረም።

ወደ ጠባችን መነሻ፣ ወደ ዕቃው ልመለስ። ስቴሪዮውን ያመጣልኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ይዞ ይመጣል፤ ዝናብ መንገዱን ከቆረጠው ሳምንትም ወርም እኛ ቤት ይቀመጣል። ወሬው ፍሬን የለውም። ቴፑን፣ አምፕሊፋየሩንና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችን ካመጣልኝ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሌላ ካርቶን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከሌለ ያ ሁሉ ቆርቆሮ ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«ኢኳላይዘር። ድምፅ ያስተካክላል።»

«የኔ ድምፅ ምን ሆነና?»

«ጥሬ ነዋ! ጥሬ ሥጋ ያለ ሚጥሚጣ ይበላል?»

«እኔ እበላለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው። ካርቶኑን ሲከፍተው ግን ልቤ ሄደ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ግንባሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ አሥር ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ከነሱ በላይ የመብራት መስኮት አለው። ስማቸውን ስላላወቅኩ ቁልፎቹን ጥርስ አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጥርስ ነው ያላቸው። በግራ ያሉት ወፍራሙን ድምፅ፣ በቀኝ ያሉት ቀጭኑን፣ መሐል ያሉት የዘፋኙን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ አለኝ። በአንድ ጀሪካን ማር ተለዋወጥን።

ጎረቤታችን አስተማሪ ነበር፤ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መጽሐፍ አንሥቶ «ጋሼ፣ ከመግጠምዎ በፊት ላንብብልዎት?» አለኝ።

«ወፍጮ ያለ መጽሐፍ ገጥሜያለሁ።»

«ይሄ እኮ ወፍጮ አይደለም።»

«ሁሉም ነገር ወፍጮ ነው። መግቢያ አለው፣ መውጫ አለው።»

መጽሐፏን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷም የሚወላገደው ጠረጴዛችን እግር ሥር አደረገቻት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ለዚያ ጥሩ መጽሐፍ ነበረች።

ዕቃው ከኋላው አራት ቀዳዳ አለው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከኋላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ሹፌሩ አራት ገመድ ሰጠኝና «በነዚህ በኩል ነው ያለኝ ሻጩ» ብሎ የአምፕሊፋየሩን ሁለት ጥንድ ቀዳዳዎች አሳየኝ፤ እውቀቱ እዚያ ላይ አለቀ። መጀመሪያ በመልክ በመልካቸው ሰካኋቸው፤ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የከተማው መብራት መጣ። ካሴቱ ዘፈነ። የአዲሱ ዕቃ መስኮት ግን ጭል ሳይል ቀረ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዱቄት በሚወጣበት በኩል እህል ብትጨምር ምን ይፈጭልሃል? ገመዶቹን አቀያየርኳቸው። ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ወደ ኢኳላይዘሩ እንዲገባ፣ ከኢኳላይዘሩ የሚወጣው ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲመለስ አደረግኩ። መብራቱ ተነሣ! አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ከዘፈኑ ጋር እኩል ይዘላል፣ ይወርዳል።

«እህ!» አለ ሹፌሩ፤ «አሁን ድምፅ መጣ!»

«ወይ ጉድ፣ እንዴት ጠራ!» አለ አስተማሪው።

መብራቱ ሳይበራም ዘፈኑ ሲዘፍን እንደነበር ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ባለቤቴ ብቻ በር ላይ ቆማ አዳመጠችና «ምኑ ነው የተለወጠው?» አለች።

ሳቅንባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አመሻሽ ላይ ሰው አያጣም ሆነ። ሹፌሩ መንገዱ ተቆርጦበት አለ፣ አስተማሪው አለ፣ ሊቀ መንበሩም ወሬውን ሰምቶ መጣ። ሊቀ መንበሩ ቁጭ ሳይል በግራ ያሉትን ጥርሶች ወደ ላይ ገፋቸው።

«ድምፁ ይወፍር፣ ጓድ። የሰፊው ሕዝብ ድምፅ አይቀጥንም።»

«ኧረ ጆሮዬን አፈኑት!» አለ ሹፌሩና በቀኝ ያሉትን ሰቀላቸው።

«ግጥሙ ካልተሰማ ዘፈን ምንድን ነው?» አለ አስተማሪውና መሐሉን ያዘ።

አንዱ የገፋውን ሌላው ያወርዳል። ሊጣሉ ደረሱ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ መሬት ሲያከፋፍል የኖረ ሰው ነውና ጥርሱንም አከፋፈለ፤ በግራ ሦስቱ ለእሱ፣ መሐል አራቱ ለአስተማሪው፣ በቀኝ ሦስቱ ለሹፌሩ።

«የዕቃው ባለቤትስ?» አልኩ።

«አንተ ማብሪያ ማጥፊያው አለህ፣ ጓድ።»

ሁሉም ድርሻውን እስከ ጣሪያው ሰቀለ። እኔም ሰማሁ ወይ? ልዋሽ አልችልም፣ ሰምቻለሁ። በግራ ያሉት ከፍ ሲሉ ድምፁ ሲወፍር፣ በቀኝ ያሉት ከፍ ሲሉ ሲቀጥን በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። መብራቱ እዚያው ይዘላላ!

ባለቤቴ ግን ሻይ ይዛ በመጣች ቁጥር ትንሽ ቆማ ታዳምጥና «ያው ነው» ትላለች።

«እትዬ፣ ይሄ የከተማ ድምፅ ነው፤ መልመድ ይፈልጋል» አላት ሹፌሩ።

«እኔ ቀፎ ሳይከፈት ንቡ መኖር አለመኖሩን አውቃለሁ። የከተማ ድምፅ ከንብ ይረቃል?»

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ሰው ፊት ነው። «አራት ሰው የሰማውን አንቺ ብቻ ካልሰማሽ፣ ጆሮሽን ጤና ጣቢያ አሳዪው።»

የሷ እናት በስተርጅና ጆሮዋ ጠፍቶ ነው የሞተችው። ሰው ሁሉ ይጮኽባት ነበር። ይህን አውቃለሁ። አፌ ቀደመኝ። ባለቤቴ ትሪውን አንሥታ ወጣች።

ማግስቱን ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና ረዳቱ በባትሪ አይቶ «ንጹሕ ነው» አላት፤ ከዚያ ጠብታ ሰጣት። «ንጹሕ ከሆነ ጠብታው ለምን?» ብትለው «ይህን ሁሉ ተሰልፈሽ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ብዬ ነው» አላት። እሷ ግን ጠብታ የሰጠኝ በሽታ ቢያገኝ ነው ብላ ደመደመች።

እሑድ ደረሰ። አልወጣችም። ጓደኞቿ ሊጠሯት መጡ። «ዘፈን የማይሰማት ሴት መዝሙር ታነሣለች?» ብላ መለሰቻቸው። ያለ እሷ ሞከሩት። የሆነውን አንዷ በኋላ ነግራኛለች፦ ከፍ አድርገው አንሥተውት መሐል ላይ ሲደርሱ ለመውጣት ድምፅ አጡ፣ አንዷ ጮኸች፣ ሌሎቹ ደንግጠው መስኮቱን አዩ፣ መዝሙሩ እዚያው ቀረ። በሁለተኛው እሑድም እንደዚያው። በሦስተኛው ሊሰበሰቡም አልፈለጉም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አፍ አፌን እያየች ታወራኝ ጀመር። ደህና የሰማችውን ሁለቴ ትጠይቃለች። እኔ ቀስ ብሎ ይለቃታል ብዬ ችላ አልኩ። አንድ ቀን ግን ሴቶቹ ዱቄታቸውን በእፍኛቸው እያሹ «ይሄ ዱቄት ነው አሸዋ?» ብለው ጮኹብኝ። ድንጋዩን ብከፍተው እንደ ሽማግሌ ድድ ለስልሷል።

«ድንጋዩ ደንዞ ነበር፣ ምነው አልነገርሽኝም?» አልኳት ቤት ገብቼ።

«ደንዞ መሰለኝ። ግን ጆሮዬን ማመን ተውኩ።»

እኔ ደግሞ ችክ ያልኩ ሰው ነኝ። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ምን አሰብኩ? ትንሽም ቢሆን ትሰማ ይሆናል፣ እስኪ በደንብ ትፈተንና ትጽናና። ለዚያው ቀን ምሽት ሦስቱን ሰዎች ምስክር አድርጌ ጠራሁ። እሷን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። ካሴቱን ከፈትኩ።

በግራ ያሉትን ጥርሶች አወረድኩ። «አልተለወጠም» አለች። መልሼ ሰቀልኳቸው። «አልተለወጠም።» በቀኝ ያሉትን እንደዚያው። «አልተለወጠም።» በአምስተኛው ላይ ድምፅዋ ሰለለ። «አልተለወጠም… ወይ እኔ አልሰማሁም» አለችና ዞረች።

የዞረችው ሳላዝ ነው። ሊቀ መንበሩ ዐይኑን ጣቴ ላይ ተክሏል። ጣቴ ወደ ጥርሱ ስትሄድ፣ ገና ሳትነካው፣ «አዎ፣ አዎ፣ ወፈረ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አየችው። አንድ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። ልጅ ሆና «ድንጋይህ ደንዟል» ባለችኝ ቀን ያየሁት ፊት ነው።

«አሁን እናንተ ዙሩ» አለች።

«እኛ? ለምን?» አለ አስተማሪው።

«የኔ ተፈተነ፤ የእናንተም ይፈተን። አንተም ዙር፣ አንተ ሰውዬ!»

አራት ጎልማሳ ወንድ ግድግዳ ላይ ተደረደርን። ዘፈኑ ይዘፍናል።

«እህ፣ አሁን ወፍራሙን ጨመረችው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ኧረ ቀጭኑን ነው! ጆሮዬን ነዘረኝ እኮ» አለ ሹፌሩ።

«መሐሉን ዝቅ አደረገችው፤ ግጥሙ ራቀብኝ» አለ አስተማሪው።

«አሁን ገና ጥሩ ሆነ» አልኩ እኔ።

«ዙሩ» አለች።

ዞርን። ጥርሶቹ እንደነበሩ ናቸው። የኢኳላይዘሩ ሶኬት ተነቅሎ እጇ ላይ ነው። መስኮቱ ጨልሟል። ዘፈኑ እንደ ልማዱ ይዘፍናል።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና «ጓዶች፣ ሰዓት እላፊ ሊደርስ ነው» አለ። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም።

«ማንም አይወጣም» አለች፤ በሩ ላይ ቆመች።

እኔ ግን ሶኬቱን እያየሁ ልቤ ወፍጮ ቤት ሄዷል። ወፍጮ ላይ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የሚሄድባቸው ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ድንጋዩን ያዞራል፤ ሌላው፣ ሥራ ፈት የምንለው፣ ለብቻው ይሽከረከራል። ቺንጋው ለብቻው በሚሽከረከረው ላይ ከዋለ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቺንጋው ይሮጣል፣ አቧራው ይነሣል፤ ላየው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ የዋለ ይመስላል። አንዲት ፍሬ ግን አይፈጭም። ወደ ሥራው የምትመልሰው አንዲት ዘንግ ገፋ አድርገህ ነው።

«ቺንጋው ሥራ ፈቱ ላይ ነው!» አልኩ።

«ጋሼ ተናወጡ» አለ ሹፌሩ ለአስተማሪው።

ሶኬቱን ከእጇ ተቀብዬ ሰካሁትና የአምፕሊፋየሩን ግንባር መደባበስ ያዝኩ። ዘንጓ የት አለች? ከድምፅ መጨመሪያው ራቅ ብላ፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልነካት አንዲት ጠፍጣፋ ቁልፍ አገኘሁ። ተጫንኳት።

ምን ልበል። አሥሩም ጥርስ እስከ ጣሪያው ተሰቅለው ሲጠብቁ ነበር። ሦስት ሳምንት የተጠራቀመ የሦስት ሰው ምርጫ በአንድ ጊዜ ወጣ። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። የስፒከሩ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ተሸበሸበ። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ እሱም አያውቅም። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ብዙ አይርቅም፤ አውሮፕላን ሲሰማ ከብት ከሜዳው ማባረር የጂንካ ሰው ልማድ ነው። ያን ምሽት አንድ ጎረቤት ዱላ ይዞ እየሮጠ «መጣ! መጣ!» እያለ ላሞቹን ሲያባርር ተሰማ። በመሸ አውሮፕላን!

ባለቤቴ ሁለት ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፍና «ይሰማኛል! ይሰማኛል! ኧረ አጥፉት፣ ይሰማኛል!» እያለች ትስቃለች። ዕንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

ሦስቱም ወደ ዕቃው እጃቸውን ሲሰዱ «እጃችሁን!» አለች። ዳንቴሏን አንሥታ መብራቱ ላይ ጣለችበት፣ እንዳይታይ። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ጥርሶቹን አንድ በአንድ አወረደቻቸው፤ አንዱን በጣም፣ አንዱን ጥቂት፣ መሐል ላይ ሁለቱን ብቻ ከፍ አድርጋ ተወቻቸው። ያን ካሴት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዘፋኙ በስተኋላ ክራር የሚመታ ሰው እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አስተማሪው በዚህ መሐል ጎንበስ ብሎ መጽሐፏን ከጠረጴዛው እግር ሥር መዘዘ። ሻዩ ተደፋ። አነበበና «ድምፁ በዕቃው እንዲያልፍ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ተጫኑ ይላል» አለ።

«የትኛው ገጽ ላይ?»

«የመጀመሪያው።»

«እኔ ያለ መጽሐፍ አገኘሁት» አልኩት።

በማግስቱ ይቅርታ እንድታደርግልኝ ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ማንን ልላክ? የማምናቸው ሦስት ሰዎች እነዚያው ናቸው። ብልካቸውም «እናንተን ራሳችሁን ማን ይሸመግላችኋል?» ብላ መለሰቻቸው። እኔን ግን ጠራችና «ሰው ፊት የተናገርከውን ሰው ፊት መልሰው። እሑድ ከኔ ጋር ትሄዳለህ» አለችኝ።

ሄድኩ። ሃያ ሴት ባለበት ቤት፣ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። «ይቺ ሴት ጆሮዋ ደህና ነው። መጥፎው የኔ ነው። ሌሎች ሦስትም አሉ፤ ስማቸውን አልናገርም» አልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ፤ ስማቸውን ጂንካ በሙሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ባለቤቴ አነሣች። አፏ ሲከፈት አየሁ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ሞተር ብቻ ነው፤ እሱ እሑድም አይጠፋም። ያን ሁሉ ዓመት ከወፍጮ ጎን የቆመ ሰው ነኝ እኮ፣ ሰው ጆሮ ላይ ስፈርድ የከረምኩት!

አየችኝ፤ ገባት። መስኮቱን አንዴ ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ትንሽ፣ የአንድ ጥርስ ያህል፣ ከፍ አደረገችው። ሴቶቹም አብረው ወጡ። ያኔ ሰማሁ። ደጅ ድረስ እንደተሰማም አውቃለሁ፤ የሊቀ መንበሩ ቤት ደግሞ ከዚያ ሁለተኛው አጥር ነው።

ሰኞ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ወፍጮ ቤት መጣ። እህል አልያዘም። ሞተሩን ትንሽ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ትላንት እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጓድ» አለኝ።

«ምንም?»

«ምንም። ጆሮዬን ጤና ጣቢያ ላሳየው ነው።»